ቆዳን የማደስ ጥበብ፦ ከወይባ ጢስ እስከ ፒሊንግ



በቅርቡ ከኢትዮጵያ መጥታችሁ በቂርያት ማላኪ፣ በገደራና በያብኔ የምትኖሩ ቤተሰቦች፣ በውበት ሳሎኖች በር ላይ «ፒሊንግ» የሚል ቃል አይታችሁ ይሆናል። ፒሊንግ ማለት የሞተውን የላይኛውን ቆዳ ልጦ ከሥሩ ያለውን አዲሱን ቆዳ ማውጣት ነው። ፊት ይጠራል፣ ማድያት ይለቃል ተብሎ ብዙ ገንዘብ ይከፈልበታል።

ነገሩ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። አገር ቤት እናቶቻችን ሲታጠቡ ተረከዛቸውን በሻካራ ድንጋይ ይፈትጉ ነበር። በወሎ ደግሞ ሙሽራና አራስ ወይባ ይታጠናሉ። የወይባው እንጨት በጉድጓድ ይጨሳል፤ ሴቲቱም ብርድ ልብስ ተከናንባ ከላዩ ትቀመጣለች። ሙቀቱና ላቡ ቆዳዋን ያለሰልሰዋል፤ ሲታሽም እድፉ ይለቃል። ዛሬ በአዲስ አበባም ወይባ በክፍያ የሚያጥኑ ቤቶች አሉ።

በሌላውም ዓለም ታሪኩ ረጅም ነው። የጥንት ግብጻውያን ከ3,500 ዓመት በፊት በጻፉት የመድኃኒት መጽሐፍ ጨውና ማር ለቆዳ ማሳመሪያ ተጠቅሰዋል። በ1882 (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኡና ቆዳን በአሲድ የመላጥን ዘዴ ጻፈ። በ1905 ሌላው ጀርመናዊ ኤርንስት ክሮማየር በሚሽከረከር መሣሪያ ቆዳን መፋቅ ጀመረ። ይህ ግን የሚያደማና ጠባሳ ሊተው የሚችል ነበር። በ1985 ኢጣሊያ ውስጥ ቀለል ያለ መኪና ተሠራ። ደቃቅ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ቅንጣት ፊት ላይ እየረጨ የሞተውን ቆዳ መልሶ ይመጠዋል፤ አያደማም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በ1975 አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ የሰውን ቆዳ፣ ፀሐይ ሲመታው በሚያሳየው ለውጥ፣ በአራት መደብ ከፈለ። አራቱም የነጮች ቆዳ ነበሩ። የጠይሙና የጥቁሩ ቆዳ መደቦች፣ አምስተኛውና ስድስተኛው፣ የተጨመሩት ኋላ ነው።

ይህ ለእኛ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ሲቆጣ ወይም ሲቃጠል ቀለም የሚያመርቱት ሕዋሳት ሥራቸውን ያበዛሉ። ስለዚህ ለነጭ ቆዳ የተመጠነ ጠንካራ አሲድ በእኛ ፊት ላይ ሲውል፣ ማድያት ላጠፋ ያለች ሴት ለብዙ ወራት የማይለቅ ጥቁር ነጠብጣብ ይዛ ልትመለስ ትችላለች። ቀላሉ ፒሊንግ በሚያውቅ እጅ፣ በየተወሰነ ጊዜ፣ በጥቂት በጥቂቱ ሲሠራ ግን ለእኛም ቆዳ ይሆናል።

እንግዲህ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፦ እንደ እኔ ያለ ቆዳ ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? የምትቀቡኝ ምንድን ነው? መጠኑስ ስንት ነው? መጀመሪያ በትንሽ ቦታ ላይ እንዲሞከርላችሁ ለምኑ። ማድያት ካለባችሁ አስቀድማችሁ በኩፓት ሆሊም በኩል የቆዳ ሐኪም (ሮፌ ኦር) ዘንድ ቅረቡ፤ ቋንቋው ካስቸገራችሁ ዕብራይስጥ የሚችል ዘመድ ይዛችሁ ሂዱ። ከተሠራችሁም በኋላ የዚህ አገር ፀሐይ ብርቱ ነውና ፀሐይ መከላከያ ቅባት ሳትቀቡ አትውጡ። ምን እንደያዘ ያልተጻፈበትን የሚያነጣ ቅባት ግን ከቶ አትግዙ፤ አንዳንዱ ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ ይገኝበታል።

ወይባ የሚታጠኑ እናቶች ሙቀቱ ሲበዛ ይነሡ ነበር፤ የገዛ ቆዳቸውን ያውቁታልና። እኛም በአዲሱ አገር ቆዳችንን ለሌላ ሰው እጅ ስንሰጥ፣ የእኛን ቆዳ ጠባይ የሚያውቅ መሆኑን መጠየቅ ነውር አይደለም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባል የለ!