ኩረስ፦ ከባሕር ሥር የወጣ ከሰል

ብርዱ አልፎ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር «ልጆቹን ወዴት እንውሰድ?» የሚለው ጥያቄ በየቤታችን ይነሣል። ስኮትላንድ ውስጥ ለምንኖር የማኅበራችን አባላት፣ ከደንፈርምሊን ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በፎርዝ ወሽመጥ ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኘውን ኩረስ የተባለች መንደር ለማስተዋወቅ እወዳለሁ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ስሟ ውስጥ «ል» አለ፤ ሲጠራ ግን ይዋጣል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳው ቢጫ የተቀባውን ትልቅ ቤት ነው። «ቤተ መንግሥት» ቢባልም የንጉሥ ቤት አልነበረም። ከ1597 እስከ 1611 ባለው ጊዜ ያሠራው ሰር ጆርጅ ብሩስ የተባለ ነጋዴ ሲሆን፣ ሀብቱም ከድንጋይ ከሰልና ከጨው የተገኘ ነው። የባሕሩን ውኃ በከሰል እሳት እያፈሉ ጨው ያወጡ ነበር።

ሰር ጆርጅ ከሰሉን ተከትሎ እስከ ባሕሩ ሥር ድረስ አስቆፈረ። ባሕሩ ሲሞላ በውኃ በሚከበብ ስፍራ ላይ ክብ የድንጋይ ግንብ አቁሞ፣ በመካከሉ ሁለተኛ ጉድጓድ አወረደ፤ ከሰሉ ከዚያው በቀጥታ መርከብ ላይ ይጫን ነበር። የሚሰርገውን ውኃ የሚቀዱት 36 ባልዲዎች የታሠሩበት፣ በፈረሶች ኃይል የሚሠራ ሰንሰለት ነው። በ1617 ንጉሥ ጄምስ 6ኛ ሊጎበኝ መጥቶ ከየብስ ገብቶ በባሕሩ በኩል ቢወጣ፣ ዙሪያውን ውኃ ብቻ አይቶ «ክሕደት ነው!» ብሎ ጮኸ ይባላል። ጌታው የተዘጋጀችለትን ጀልባ አሳይቶ አረጋጋው ይላሉ። በ1625 ግን ማዕበል ጉድጓዱን አጥለቀለቀው፤ ሰር ጆርጅም በዚያው ዓመት ሞተ። ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት ከሄዳችሁ የግንቡን ቅሪት ታያላችሁ።

እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ ምጣዱ ነው። አዎን፣ ምጣድ! የአጃ ቂጣ የሚጋገርበት ክብ የብረት ምጣድ የኩረስ ቀጥቃጮች ሙያ ነበር፤ በ1599 ንጉሡ ለእነርሱ ብቻ የመሥራት መብት ሰጥቷቸዋል።

የሀብቱ ሌላ ገጽ ግን ቤቱን ሲያዩ አይታይም። በ1606 የስኮትላንድ ፓርላማ ባወጣው ሕግ መሠረት ከሰል ቆፋሪና ጨው ሠሪ ያለ ጌታው የምስክር ወረቀት ሌላ ዘንድ መቀጠር አይችልም ነበር፤ ጥሎ ቢሄድ እንደ ሌባ ይቆጠራል። ይህ እስራት የተፈታው በ1775 እና በ1799 በወጡ ሕጎች ነው።

ነገሩ እኛንም ይነካል። ከኩረስ ማዶ፣ ከወሽመጡ በስተ ደቡብ በላርበርት አካባቢ፣ በ1770 ጎንደርንና ግሽ ዓባይን ያየው የጄምስ ብሩስ ርስት ነበር። መጽሐፈ ሄኖክን በግእዝ ወደ አውሮፓ ያመጣውን ይህን ሰው ከትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ስለ ስንቁ ግን ማንም አልነገረንም። ከርስቱ የሚወጣው ከሰል ለካሮን የብረት ፋብሪካ ይሸጥ ነበር፤ ገቢውም የመንገዱ ወጪ ሆነ። በ1774 ወደ ብሪታንያ ሲመለስ የስኮትላንድ ከሰል ቆፋሪ ገና በጌታው እጅ ነበር፤ የመጀመሪያው የነጻነት ሕግ የወጣው በማግሥቱ ዓመት ነው።

ቀኑ ካልመሸባችሁ ወደ ላርበርት ቤተ ክርስቲያን ተሻገሩ። የብሩስ መቃብር እዚያው ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው፤ ሐውልቱም በካሮን ፋብሪካ ከቀለጠ ብረት የተሠራ ነው።