ማጥመድ

ገበሬ በሬ ይጠምዳል፤ ዓሣ አጥማጅ ዓሣ ያጠምዳል። ሁለቱም «ጠመደ» ካለው ግንድ ይወጣሉ፤ ጥማድም ወጥመድም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። ቂም የያዘብንን ሰው «ጠመደኝ» የምንለውም ከዚሁ ነው።

ትራውት የሚባለውን የቀዝቃዛና የጠራ ወንዝ ዓሣ በሰው ሠራሽ ዝንብ የሚይዙ ሰዎች ግን ቃሉን ያለሰልሱታል። ላባና ክር በትንሽ መንጠቆ ላይ ይጠመጥማሉ። ዝንቧ ክብደት የላትም ማለት ይቻላል፤ ርቃ እንድትሄድ የሚያደርጋት የገመዱ ክብደት ነው። ከመወርወሩ በፊት ቆሞ ማየት አለ፤ ዓሣው ዛሬ የሚለቅመው የትኛውን የነፍሳት ዓይነት ነው? እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ዝምታ ነው።

ብዙዎቹ የያዙትን፣ ልጋጉ እንዳይገፈፍ በእርጥብ እጅ አቅፈው፣ መልሰው ይለቁታል። ገበሬውም ሲመሽ በሬውን ይፈታል። የ«ጠመደ» ተቃራኒ «ፈታ» ነውና ቃሉ ቦታውን አልሳተም።

ትራውት በአገራችንም አለ። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች፣ በዌብና በዳንካ ወንዞች ተራብቷል። በዚያው በባሌ፣ በዲንሾ በኩል የምታልፉ አንባቢዎች፣ እባካችሁ ከወንዝ ዳር ጥቂት ቆም በሉ።