«ቼ በለው»፤ ቃል አልባው ሸክላ እና የቅኝቶቻችን ልሳን

በአገራችን የሙዚቃ ባህል ዜማና ግጥም ተነጣጥለው ኖረው አያውቁም። አዝማሪው ማሲንቆውን የሚገዘግዘው ስንኙን ለማድመቅ ነው፤ አድማጩም ጆሮውን አቅንቶ የሚጠብቀው ሰሙን ገልጦ ወርቁን ለማግኘት ነው። እርግጥ የእረኛው ዋሽንትና የክብረ በዓሉ እምቢልታ ያለ ቃል ሲነፉ ኖረዋል። በዘመናዊው ሙዚቃ ግን ድምፃዊ ያልገባበት ሥራ ብዙውን ጊዜ እንደ ጎዶሎ ይታይ ነበር። ሕዝቡ ለዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ «ክላሲካል» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ ይህም አውሮፓውያን በቃሉ ከሚረዱት የተለየ ሆኖ፣ በመሣሪያ ብቻ የተጫወተውን ሁሉ የሚያጠቃልል ነው። በራዲዮም የክላሲካል ድርሻ አንዱን ዝግጅት ከሌላው ማገናኘት፣ የተራኪውን ድምፅ ማጀብ ነበር። በ1977 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታተመው የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» የተሰኘ ሸክላ ግን ክላሲካልን ከአጃቢነት አውጥቶ በራሱ እንዲደመጥ ያደረገ ሥራ ነው። ከዳር እስከ ዳር ያለ ዘፋኝ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ቅኝቶቻችን ያለ ቃል እርዳታ መናገር ይችሉ እንደሆነ የፈተነ ሥራ ሆኗል።

ይህ ሥራ በድንገት የተገኘ አልነበረም። በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት 40 የአርመን ወጣቶች «አርባ ልጆች» በሚል ስም የማርሽ ባንድ አቋቋሙ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ የአገር ፍቅርና በዛሬ ስሙ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው መድረክ ኖታ የሚያነቡ፣ ነሐስ የሚነፉ ሙያተኞችን አፈሩ። ሸክላ የማሳተም መብት ግን በ1948 በወጣ ድንጋጌ ለአገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ስለነበር፣ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት በ1969 ክልከላውን ጥሶ የራሱን ማሳተሚያ እስኪከፍት ድረስ የእነዚህ ሙያተኞች ሥራ በአብዛኛው በመድረክ ላይ ብን ብሎ የሚጠፋ ነበር። አምሃ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 ያህል ትልልቅ ሸክላዎችን አሳትሟል። ትንሹ ሸክላ በአንድ ገጹ አንድ ዘፈን ብቻ የሚይዝ በመሆኑ ገበያው የድምፃውያን ገበያ ነበር።

ለ«ቼ በለው» መንገድ የጠረጉ ሁለት ሰዎች ግን ሊዘነጉ አይገባም። አንዱ ጌታቸው መኩሪያ ነው፤ የጦረኛውን ሽለላ ከአፍ ወስዶ በሳክስፎን ያስፎከረ ሲሆን፣ በ1972 ፊሊፕስ ያሳተመለት ሸክላ ቃል የሌለው ፉከራ ደም ማሞቅ እንደሚችል አረጋግጧል። ሁለተኛው ሙላቱ አስታጥቄ ነው፤ በ1972 በኒውዮርክ፣ በ1974 ደግሞ በአምሃ ማሳተሚያ ባወጣቸው ሥራዎች ባለ አምስት ድምፁን ቅኝት ከጃዝ ስምም ድምፅ ጋር አጋብቷል። በውጭው ዓለምም ያለ ዘፋኝ የሚሠራው የሮክ ሙዚቃ ቬንቸርስና ሻዶውስ የተባሉት ጓዶች በ1960 ባወጧቸው ዜማዎች ተስፋፍቶ፣ በ1975 ጄፍ ቤክ የተባለው እንግሊዛዊ ጊታሪስት «ብሎው ባይ ብሎው» የተሰኘውን አልበሙን እስከ ማቅረብ ደርሶ ነበር። ልዩነቱ የእንግሊዛዊው ሥራ የአንድ ሰው ጊታር የነገሠበት ሲሆን፣ የዋልያስ ሸክላ ግን የጓድ ሥራ መሆኑ ነው።

ዋልያስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተቋቁሞ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት የተጫወተ ባንድ ነው። የሥራው ቦታ በጥበቡ ላይ የራሱን አሻራ አሳርፏል። ከሆቴሉ እንግዶች ብዙዎቹ አማርኛ የማይሰሙ የውጭ አገር ሰዎች በመሆናቸው፣ በእራት ሰዓት የሚቀርበው ሙዚቃ ያለ ግጥም ስሜት እንዲሰጥ ያስፈልግ ነበር። ከ1974 በኋላ የታወጀው የሰዓት እላፊ ደግሞ የአዲስ አበባን የምሽት ክበቦች ሲያዳክም፣ ቋሚ ሥራ ይዘው የቀሩት የትልልቅ ሆቴሎች ባንዶች ነበሩ። በዚያም ላይ በንጉሡም ሆነ በደርግ ዘመን የዘፈን ግጥም ቅድመ ምርመራ ነበረበት፤ ግጥም የሌለው ዜማ ግን መርማሪው እስክሪብቶውን የሚያሳርፍበት መስመር የለውም። ስለሆነም ቃል አልባው ሙዚቃ የሆቴሉ ፍላጎትና የዘመኑ ጫና በአንድነት ያጎለበቱት ጥበብ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ሸክላውን ያሳተመው «ካይፋ» በሚለው ማሳተሚያው የሚታወቀው አሊ አብደላ ካይፋ ነው። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ መላከ ገብሬ በቤዝ ጊታር፣ ማሕሙድ አማን በጊታር፣ ተማረ ሐረጉ በድራም ተሰልፈውበታል፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተሳትፏል። ከዜማዎቹ ሁሉ ገንኖ የወጣው «ሙዚቃዊ ስልት» የግርማ በየነ ድርሰት ሲሆን፣ ኋላ የውጭ አገር ባንዶች ደጋግመው ተጫውተውታል። በዚህ ሸክላ ዜማውን የሚቀባበሉት ኦርጋኑና ነፋሾቹ ናቸው፤ ጊታሩ ከቤዙና ከድራሙ ጋር ሆኖ ምቱን ይይዛል። አድማጩ ስንኝ የሚጠብቅበት ቦታ ላይ ሌላ መሣሪያ ገብቶ ይመልስለታል፤ ቅብብሉም በአዝማሪና በተቀባይ መካከል ያለውን የቆየ ልማድ ያስታውሳል።

የጊታርና የቅኝት ግንኙነት በተለይ ሊጠና የሚገባው ነው። የክራር ተጫዋች ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲሻገር አውታሮቹን እያከረረና እያላላ እንደገና ይቃኛል፤ «ቅኝት» የሚለው ቃልም የተገኘው ከዚሁ ሥራ ነው። ጊታር ግን በአንገቱ ላይ በተቸነከሩት የብረት እርከኖች 12 እኩል ግማሽ ድምፆችን ደርድሮ ይጠብቃል። ስለዚህ ጊታሪስቱ ቅኝት የሚይዘው ከ12ቱ አምስቱን መርጦ ሰባቱን በመተው ነው። ከዶ ተነሥቶ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሲል ትዝታ ይሆናል፤ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሲል ባቲ ይሆናል። ሬንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ዶ፣ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቢጫወት አምባሰል፣ ዝቅ የሚሉት ሬና ሶል ሆነው በዚያው ተራ ቢጫወት ደግሞ አንቺ ሆዬ ነው። ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው የሚያሻግረው የግማሽ ድምፅ ርቀት ነው፤ አድማጩ ግን በአንዱ ሲተክዝ በሌላው ሊፈነድቅ ይችላል። ጉዳቱም አብሮ መነሣት አለበት፤ በጆሮ የተቃኘ ክራርና እርከን የሌለው ማሲንቆ በሁለት ድምፆች መካከል የሚያወጡትን ስስ ድምፅ የጊታሩ ብረት ቆርጦ ያስቀረዋል። ጊታሪስቶች ይህን ለማካካስ አውታሩን በጣት ገፍተው ድምፁን ያጎብጡታል።

ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ የወሎ አገር ስሞች ናቸው። አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን የሚገኝ ተራራማ አገር ነው፤ ባቲም ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ ያለች፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። ከደሴ ተነሥቶ በአቅስታ በኩል ማሻንና መካነ ሰላምን ይዞ እስከ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ የሚዘልቀው ደጋም የዚሁ የዜማ አገር አካል ነው። በዚያ የሚያድግ ልጅ በሠርግ ዘፈንና በመንዙማ ጆሮው በቅኝት የተገራ ቢሆንም፣ ስማቸውን ሳያውቅ ሊያድግ ይችላል። በዘፈን ሲማር ልቡን ግጥሙ ይወስደዋል፤ ቃል አልባውን ሸክላ ሲያዳምጥ ግን ቅኝቱን ብቻውን፣ ያለ ልብስ ያገኘዋል። ለመምህሩ ከዚህ የተሻለ መርጃ አይገኝም።

የባንዱ ዕጣ ግን አሳዛኝ ነበር። ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ፣ ኃይሉ መርጊያን፣ ግርማ በየነን፣ ሞገስ ሀብቴንና መላከ ገብሬን እዚያው አስቀርቶ ተበተነ። ኃይሉ በ1985 አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘር ጋር አስማምቶ ሌላ የክላሲካል ካሴት ቢያወጣም፣ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን የታክሲ ሾፌር ሆኖ ኖረ። «ቼ በለው» በ2014 አሜሪካ ውስጥ እንደገና ታትሞ ዓለም አደነቀው፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ።

በአዲስ አበባ የተወለደ ሥራ ክብሩን መልሶ ያገኘው በባዕድ አገር መሆኑ ለእኛ ትምህርት ነው። የድምፃውያንን ስም በልባችን ስንይዝ፣ በሸክላው ጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፉትን የተጫዋቾች ስሞች ዘንግተናል። የባህል ሠራተኛው አሮጌ ሸክላዎችን ከየቤቱ ፈልጎ ቢሰበስብ፣ መምህሩ ከክራሩ ጎን ጊታሩን አቁሞ ቅኝትን ቢያስተምር፣ ወጣቱ ሙዚቀኛም አምስቱን ድምፅ ከመያዙ በፊት ሰባቱን መተው ቢለምድ፣ የዋልያስ ልፋት ተተኪ ያገኛል።