ማኑት ቦል፣ የቱራሌይ ልጅ

እ.ኤ.አ. በ1982 ዶን ፊሊ የተባለ አሜሪካዊ አሠልጣኝ ተጫዋቾችን ሊያሠለጥን ካርቱም ገባ። እዚያ አንድ ቀጭን ወጣት አየና ዓይኑን ከእሱ ላይ መንቀል አቃተው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ31 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ማኑት ቦል ይባላል፤ በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን፣ ቱራሌይ በምትባል የዲንካዎች መንደር ከብት እየጠበቀ ያደገ ልጅ ነው። ቅርጫት ኳስን የጀመረው ዘግይቶ፣ ዘመድ ገፋፍቶት ነበር። ኳሷን ከላይ ሊከት መጀመሪያ በዘለለ ጊዜ ጥርሱ መረቡ ላይ ተሰብሮ እንደቀረ ኋላ ራሱ አውርቷል።

አሜሪካ የደረሰው እንግሊዝኛ ሳይችል ነው። በ1983 የሳንዲያጎው ክሊፐርስ ሊወስደው መረጠው፤ የአሜሪካው ሊግ ኤን.ቢ.ኤ. ግን ደንቡ አይፈቅድም ብሎ ምርጫውን ሻረው። ክሊቭላንድ ቋንቋ ተማረ፣ ብሪጅፖርት ዩኒቨርሲቲ አንድ የውድድር ዘመን ተጫወተ፤ በ1985 የዋሽንግተኑ ቡሌትስ በ31ኛ ተራ መርጦ አስፈረመው።

በመጀመሪያው ዓመቱ 397 ኳሶችን መከተ። እስከ ዛሬ ይህን ያህል የመከተ ጀማሪ የለም፤ ከነባሮቹም በአንድ የውድድር ዘመን የሚበልጠው የማርክ ኢተን 456 ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ በአንድ ጨዋታ 15 ኳስ መልሷል። ጋዜጦች ይህን ሁሉ ለቁመቱ ሰጥተው ያልፉታል። ይህ ትክክል አይመስለኝም። ረጃጅም ሰዎች በሊጉ ሞልተዋል፤ ኳሷ ከአጥቂው ጣት የምትላቀቅባትን ቅጽበት ማወቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአንድ ቪዲዮ ላይ ተጋጣሚዎቹ ተራ በተራ ሲወረውሩ እሱ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ይመልስባቸዋል። ከቦታው ብዙም አይንቀሳቀስም፣ አይቸኩልምም። ይጠብቃል፤ ከዚያ እጁን ያነሣል።

በ1987 ዋሽንግተን 1 ሜትር ከ60 የሆነውን መግሲ ቦግስን ሲያመጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ፎቶ ማንሣት የጋዜጠኛው ሁሉ ሥራ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ማኑት ወደ ጎልደን ስቴት ሄደ። እዚያ አሠልጣኙ ዶን ኔልሰን ከሩቅ እንዲወረውር ፈቀደለት። ኳሷን ከራሱ በስተኋላ አንሥቶ፣ እግር ኳስ ተጫዋች ከመስመር ውጪ የእጅ ውርወራ እንደሚወረውር አድርጎ ይለቃት ነበር፤ ኳሷ እጁ ስትገባ ተመልካቹ ወርውር እያለ ይጮኻል። መጋቢት 1993 ለፊላደልፊያ ሲጫወት ፊኒክስ ላይ በሁለተኛው አጋማሽ ብቻ ስድስት ባለ ሦስት ነጥብ አስቆጠረ። ያም ሆኖ ሙያውን ሲጨርስ የመከታቸው ኳሶች 2,086፣ ያስቆጠራቸው ነጥቦች 1,599 ነበሩ።

ገንዘቡ የት ገባ የሚለው ጥያቄ ከሜዳው ታሪክ ይበልጥብኛል። በ1983 ያገረሸው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ወገኖቹን በትኗቸዋል። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩት ድንበር ተሻግረው ጋምቤላ፣ ኢታንግና ፑኝዶ ሰፍረው ነበር፤ በ1991 ደርግ ሲወድቅ እንደገና ለመሰደድ ተገደዱ። ማኑት ደመወዙን ለስደተኞችና ለወገኖቹ ትግል አፈሰሰው። የሰጠው 3.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚሆን ይነገራል። ጊዜውንም አልሰሰተም፦ ከሱዳን ሸሽቶ ግብፅ የገባውን የዴንግ ቤተሰብ ልጆች ቅርጫት ኳስ አስተምሯል። ከእነሱ አንዱ ሉኦል ዴንግ ኋላ የኤን.ቢ.ኤ. ኮከብ ሆነ።

በ1998 የካርቱም መንግሥት የስፖርት ሹመት እሰጥሃለሁ ብሎ ጠራው። ሄደ፤ ነገር ግን ለሹመቱ ሃይማኖቱን ለውጦ እንዲሰልም ተጠየቀ። እምቢ አለ፤ ክርስቲያን ነበር። ከዚያ ከአገር መውጣት ተከለከለ፤ ባዶ እጁን ለዓመታት ካርቱም ተቀምጦ በ2001 ወደ ካይሮ ወጣ፣ በ2002 በስደተኝነት አሜሪካ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ለቴሌቪዥን ትርዒት ቦክስ ገጠመ፤ የሆኪ ክለብ ማሊያም ለበሰ። የሳቁበት ብዙ ናቸው። ያገኘውን ግን ለሱዳን ልጆች እርዳታ አዋለው፤ በፈቃዱ መሳቂያ ለመሆን የደፈረበትን ምክንያት ሳስብ እኔ መሳቅ አልችልም።

በ2004 የተሳፈረበት ታክሲ ተገልብጦ አንገቱ ተሰበረ። ከዚያ ተርፎ የምዕራብ ሱዳኑ ዳርፉር በጦርነት ሲነድ ለዳርፉር ሙስሊሞች ድምፁን አሰማ። ወደ 250 የሚጠጉ ዘመዶቹን በሰሜንና በደቡብ ጦርነት እንዳጣ የሚናገር ሰው ነው ይህን ያደረገው፤ ከሰሜን ከዘመቱበት ወታደሮች መካከል የዳርፉር ልጆችም ነበሩ። ሱዳን ሰንራይዝ ከተባለ ድርጅት ጋር ሆኖ እርቅን ሰበከ፣ ቱራሌይ ላይ ትምህርት ቤት ማሠራት ጀመረ። በሚያዝያ 2010 ምርጫ ምክንያት እዚያው ሲቆይ ኩላሊቱ ታመመ፤ ብርቱ የቆዳ ሕመም ተጨመረበት። ሰኔ 19 ቀን 2010 ቨርጂኒያ ውስጥ በ47 ዓመቱ ዐረፈ፤ ቱራሌይ ተቀበረ።

የደቡብ ሱዳንን ነፃነት ለማየት አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር። በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ የአዲሲቱ አገር የቅርጫት ኳስ ቡድን ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 ሲያሸንፍ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሉኦል ዴንግ ነበር።