ባሪ ብሉጂንስ የሚባል ሰው

በ2014 ኦገስት ላይ ሦስት ወንድማማቾች ከአባታቸው ጋር ሲጫወቱ የተቀዳ ድምፅ ለቀቁ (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጀስቲን፣ ትራቪስና ግሪፊን ማክኤልሮይ ይባላሉ፤ ያደጉት አሜሪካ ውስጥ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሀንቲንግተን ከተማ ነው። አባታቸው ክሊንት ለረጅም ዓመታት በሬዲዮ የሠራ ሰው ነው። ልጆቹ ከ2010 ጀምሮ ለሰው ጥያቄ የማይረባ ምክር የሚሰጡበት አስቂኝ ፖድካስት ነበራቸው። ጀስቲን ልጅ ተወልዶለት እረፍት ሲወጣ የእሱን ክፍተት የሚሞላ ነገር ተፈለገ። በቃ፣ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንጫወት ተባለ። «ዘ አድቬንቸር ዞን» የተወለደው እንዲህ፣ ለክፍተት ማሟያ ተብሎ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ ጠረጴዛ ከባችሁ ትቀመጣላችሁ። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ መንደሩን፣ ጫካውን፣ ጠላቱን የሚፈጥረው እሱ ነው። ሌሎቻችሁ አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ትይዛላችሁ። «በሩን እሰብረዋለሁ» ትላላችሁ፤ መሰበር አለመሰበሩን የሚወስነው ግን ባለ 20 ገጽ ዳይስ ነው። 20 ከመጣ እሰየው፣ 1 ከመጣ ጉድ ፈላ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚል ከሌለ ተረት እንደማይጀመር ሁሉ፣ ይህም ብቻን አይሆንም። ልዩነቱ፣ እዚህ አድማጩ መሀል ገብቶ ተረቱን ያበላሸዋል።

ጨዋታውን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ሲያወጡት የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላው አሜሪካ ውስጥ የሚፈራ ነገር ሆነ። አንዲት እናት የልጃቸውን ራሱን ማጥፋት ከጨዋታው ጋር አያይዘው በ1983 ተቃዋሚ ማኅበር አቋቋሙ። በ1985 ደግሞ ሲክስቲ ሚኒትስ የተባለው የሲቢኤስ ፕሮግራም ጉዳዩን ወደ ቴሌቪዥን አወጣው። ሰይጣን አምልኮ ነው፣ ልጆቻችንን ያሳብዳል ተባለ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ጨዋታው ራስን ለማጥፋት ምክንያት እንደሚሆን የሚያሳይ ነገር አላገኙም።

ግን ፍርሃቱ ለምን ያን ያህል ቆየ? አንዱ ምክንያት ይመስለኛል፣ ጨዋታው ከውጭ ስለማይታይ ነው። እግር ኳስን የማያውቅ ሰው እንኳ ሜዳ ዳር ቆሞ ኳሷን ማየት ይችላል። እዚህ ግን የሚታየው የተዘጋ በር፣ ሽፋኑ ላይ ጭራቅ ያለበት መጽሐፍና ለሰዓታት የሚንሾካሾኩ ልጆች ናቸው። ወላጅ ባዶውን ቦታ በገዛ ፍርሃቱ ሞላው።

በሩን የከፈተው ድምፅ ነው። ማክኤልሮዮች የመጀመሪያዎቹ አይደሉም፤ በ2008 የፔኒ አርኬድ ካርቱኒስቶች ጨዋታቸውን በፖድካስት አሰምተዋል። የማክኤልሮዮች ልዩ ነገር አለማወቃቸው ነበር። ሕጉን ይረሳሉ፣ ዳይሱን ይደምሩና ይሳሳታሉ፣ አባትየው ግራ ሲገባው ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ምንም የማያውቅ አድማጭ ከእነሱ ጋር እኩል ይጀምራል። በዚያ የተዘጋ ክፍል ውስጥ የነበረው ምን እንደሆነ በጆሮው ይሰማል፦ አንድ አባትና ሦስት ልጆች እየተሳሳቁ።

ስሞቹም ቀልድ ነበሩ። ጀስቲን አስማተኛውን ታኮ አለው፤ አዎ፣ እንደ ሜክሲኮው ምግብ። ትራቪስ ማግነስ የሚባል ተዋጊ፣ ክሊንት ደግሞ መርል የሚባል ድንክ ካህን ሆኑ። ተራኪው ግሪፊን ነው። መጀመሪያ የተጠቀመበት ዝግጁ መጽሐፍ ውስጥ ሲልዳር ሆልዊንተር የሚባል ባለግርማ ስም ያለው ሰው ነበር። ግሪፊን ስሙን ወርውሮ ባሪ ብሉጂንስ አለው። ባሪ ሰማያዊ ጂንስ! ሳቁበት፣ አለፉ።

ዳይስ ግን ቀልድ አያውቅም። የመጀመሪያው ታሪክ ሲያልቅ አንድ ከተማ በሙሉ ተቃጥሎ ጥቁር መስታወት ይሆናል፤ ባሪም እዚያው ይሞታል። ቆይቶ ደግሞ የመርል ክንድ ወደ ክሪስታል መለወጥ ሲጀምር ማግነስ በመጥረቢያ ይቆርጠዋል። በጨዋታው ጓደኛ ጓደኛውን፣ በማይክራፎኑ ግን ልጅ የአባቱን ክንድ ነው የቆረጠው። ትስቃላችሁ፣ ወዲያው ደግሞ ይጨንቃችኋል።

(ከዚህ በኋላ የታሪኩን ምስጢር እነግራችኋለሁ፤ መስማት የምትፈልጉ አንድ አንቀጽ ዝለሉ።)

ወደ መጨረሻው ሲደርስ ግሪፊን እነዚያን ቀልዶች አንድ በአንድ መልሶ አነሳቸው። ሦስቱ ዝርክርክ ጀግኖች ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር 100 ዓመት አብረው የተጓዙ፣ ግን ያንን ሁሉ የረሱ ሰዎች ናቸው። ከሰባቱ አንዷ ሉክሬሽያ፣ ከጸጸት ልታድናቸው ብላ፣ የጉዟቸውን ማስታወሻ አንድ ፍጡር አስበላችው፤ ያ ፍጡር የበላው ነገር ደግሞ ከሰው ሁሉ አእምሮ ይጠፋል። በምግብ ስም የተጠራው ታኮ መንትያ እህት ነበረችው። ሉፕ ትባላለች። መኖሯንም አያውቅም ነበር። ያ የተሳቀበት ባሪ ከሰባቱ አንዱ፣ የሉፕም ፍቅረኛ ነው። የእነሱ ዝርክርክነት ለካ ከተሰረቀ ትዝታ የተረፈ ነገር ነበር።

ይህ የመጀመሪያው ታሪክ በ69ኛው ክፍል፣ በ2017 ኦገስት አለቀ። በ2018 ኬሪ ፒች የሳለችው የሥዕል መጽሐፍ ወጥቶ የኒው ዮርክ ታይምስ የሽያጭ ዝርዝር አናት ላይ ተቀመጠ። በ2015 የተጀመረው፣ ባለሙያ ተዋንያን የሚጫወቱበት ክሪቲካል ሮል ደግሞ በ2019 ለአኒሜሽን ፊልም ከአድማጭ ተመልካቹ ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። በ1985 ወላጅ የሸሸው ጨዋታ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ የሚከታተለው ትረካ ሆነ።

ተመራማሪዎች ጨዋታው አይገድልም ብለው በጥናት አስረድተዋል፤ ጥሩ ነው። ግን ፍርሃትን በጥናት ብቻ መርታት ይከብዳል። ሰው የሚረጋጋው የክፍሉን ድምፅ ሲሰማ ነው። ሳቁ ያስገባዋል፤ አንዴ ከገባ በኋላ ደግሞ በቀልድ ስም ለተጠራ፣ በሕይወት ለሌለ ሰው ሲያለቅስ ራሱን ያገኘዋል።

መጀመሪያዎቹ ክፍሎች ትንሽ ይንዛዛሉ፤ ታገሡ። ባሪ ብሉጂንስ ሲመጣ ሳቁበት። ሁሉም ስቆበታል።