የክፍያ እፎይታና የውል ጽናት፦ የሚኔሶታ ሕግ ታሪክ

ባለዕዳ በውሉ መሠረት መክፈል ይገባዋል የሚለው መርህ የብድር ሥራ ሁሉ መሠረት ነው። ይሁን እንጂ ባለዕዳው በራሱ ጥፋት ሳይሆን አገርን በሙሉ ባጠቃ ችግር ምክንያት መክፈል ሲሳነው ሕግ እስከ ምን ድረስ ሊታገሠው ይችላል? በአሜሪካ የሚኔሶታ ክፍለ ግዛት በ1933 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ያወጣው ሕግ ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ ነው።

በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ድቀት የእህልን ዋጋ አዋርዶ፣ ሠራተኛውን ከሥራ አውጥቶ፣ ባንኮችን አዘጋ። በመያዣነት የተሰጡ ቤቶችና እርሻዎች በሐራጅ ይሸጡ ጀመር። የሚኔሶታ ሕግ ለባለቤቱ ከሽያጩ በኋላ የአንድ ዓመት የማስመለሻ ጊዜ ይሰጠው ነበር፤ ነገር ግን አዲስ ብድር በማይገኝበት ወቅት ይህ መብት በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ሆነ።

ስለዚህ ኤፕሪል 18 ቀን 1933 የጸደቀው ሕግ ፍርድ ቤት የማስመለሻውን ጊዜ ቢበዛ እስከ ሜይ 1 ቀን 1935 እንዲያራዝም ሥልጣን ሰጠ። ዕዳው አልተሰረዘም፤ ወለዱም አልቆመም። ባለዕዳው በቤቱ እስከ ቆየ ድረስ ፍርድ ቤት የወሰነውን ተመጣጣኝ ኪራይ መክፈል ነበረበት።

ባለ14 ክፍል ቤታቸው በ3,700.98 ዶላር ለአበዳሪው ማኅበር የተሸጠባቸው የሚኒያፖሊስ ባልና ሚስት በዚህ ሕግ መሠረት አቤት አሉ። ፍርድ ቤቱም በየወሩ 40 ዶላር እየከፈሉ እንዲቆዩ፣ ገንዘቡም ለግብር፣ ለኢንሹራንስ፣ ለወለድና ለዋናው ዕዳ እንዲውል አዘዘ። አበዳሪው፣ ክፍላተ ግዛት የውል ግዴታን የሚያጓድል ሕግ እንዳያወጡ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ይከለክላል በማለት እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረ።

ጃኑዋሪ 8 ቀን 1934 ፍርድ ቤቱ በ5 ድምፅ ለ4 ሕጉን አጸና። ፕሬዚዳንቱ ቻርልስ ኤቫንስ ሂዩዝ ችግር አዲስ ሥልጣን ባይፈጥርም ነባሩን ሥልጣን ለመጠቀም ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አስረዱ። በአንጻሩ ዳኛ ጆርጅ ሰዘርላንድ፣ ክልከላው ራሱ የተደነገገው ባለዕዳዎች በተቸገሩበት ዘመን ስለ ሆነ ችግርን ምክንያት አድርጎ ሊጣስ አይገባም አሉ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም።

የውሳኔው ወሰን በ1935 ይበልጥ ግልጽ ሆነ። ባለገንዘቡ ለዓመታት ክፍያ ሳያገኝ እንዲጠብቅ በማድረግ መያዣውን ዋጋ ያሳጡትን የአርካንሶ ሕጎች ያው ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ሻራቸው። እንግዲህ የሚኔሶታን ሕግ ያዳነው ርኅራኄው ብቻ አልነበረም፤ ጊዜው የተወሰነ፣ ዳኛ የሚመረምረው፣ ለባለገንዘቡም ክፍያ የሚያስገኝ መሆኑ ነው።