ቀጋ፦ የሐበሻን ስም የተሸከመው የእንጦጦ ጽጌረዳ

ከየካ ወደ እንጦጦ ሲወጣ በየጥሻው የሚታየው እሾሃማ ቁጥቋጦ ቀጋ ይባላል። አበባው ነጭና መዓዛማ ነው፤ ፍሬው ሲበስል ይቀላል፣ ይበላልም። በየመን ተራሮችም ይበቅላል።

የሳይንስ ስሙ «ሮዛ አቢሲኒካ» ነው። «ሮዛ» በላቲን ጽጌረዳ ማለት ነው። ስሙን እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጆን ሊንድሊ በ1820 እ.ኤ.አ. ስለ ጽጌረዳ ዝርያዎች ባሳተመው መጽሐፍ ላይ አሰፈረው።

«አቢሲኒካ» ደግሞ «የአቢሲኒያ» ማለት ነው። አውሮፓውያን ቃሉን የወሰዱት «ሐበሽ» ከሚለው የዐረብኛ ስም ነው። ስሙ ከእስልምና በፊትም በደቡብ ዐረቢያ የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ይገኛል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ሶሐቦቻቸው ከቁረይሾች ግፍ ሸሽተው ወደ ንጉሥ ነጃሺ እንዲሰደዱ ሲያዝዙ፣ አገሪቱ የምትታወቀው በዚሁ ስም ነበር፦ የሐበሻ ምድር።

ስለዚህ «አቢሲኒካ» የሚለው ስም ለሙስሊሙ ባዕድ መስሎ ሊሰማው አይገባም። ልጆቻችን በሲራ ትምህርት ስለ መጀመሪያው ሂጅራ ሲማሩ የሚሰሙት «ሐበሻ» እና በእንጦጦው ቀጋ ላይ የተጻፈው ስም አንድ ነው።